ለሚበላ ነው ወይስ ለሚፈለፈል? ከጣፎ ወዲያ ስላለው መኖ ቤት

መኖ ቤት ገብታችሁ «ፕሪሚክስ ስጡኝ» (መኖ ላይ በትንሹ የሚደባለቀውን የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ማለቴ ነው) ስትሉ ሻጩ ምንም ሳይጠይቅ ከመደርደሪያ አውርዶ ከሰጣችሁ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። በንዴት አይደለም የምለው። እሺ፣ ትንሽ ንዴትም አለበት።

የዛሬው ጽሑፌ ከጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ስላለ አንድ መኖ ቤት ነው። ታፔላው ላይ «የእንስሳት መኖ» ከሚለው በቀር ስም የለውም፤ እሱንም ፀሐይ በልቶታል። እኔም ስም አላወጣለትም። ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሼ ጋ» በሚል ነው። ለባጃጅ ሹፌር «ጋሼ መኖ ቤት» ካላችሁት ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል።

እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ ሁለት የወተት ላሞች፣ ጥቂት በጎች እና ዶሮዎች አሉኝ። ዋናው እንጀራዬ ግን ጫጩት ነው። እንቁላሉን ከራሴ ዶሮዎች ሰብስቤ፣ በማሽን ፈልፍዬ፣ የአንድ ቀን ጫጩት እሸጣለሁ። ስለዚህ መኖ ቤትን የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ እናቲቱ የበላችው ለልጁ ደርሷል ወይ?

ሱቁ የቆርቆሮ ነው። በአንድ በኩል ፉርሽካ፣ በሌላው የኑግ ፋጉሎ፣ መሀል ላይ የተፈጨ በቆሎ በኩንታል ተደርድሯል። ስትገቡ የሚቀበላችሁ የፋጉሎው ሽታ ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ልብሴ ላይ ሲሸተው ፊቱን ያጠቁራል። ጋሼ ነጭ ጋዋን ለብሰው ከሚዛኑ ኋላ ይቀመጣሉ። ነጭነቱ የጨርቁ ይሁን የዱቄቱ አይለይም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በእንስሳት ጤና ሥራ ነው፤ ሱቁን የከፈቱት ጡረታ ሲወጡ ነው። ዕቃ ከማውረዳቸው በፊት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ እንቁላሉ ለሚበላ ነው ወይስ ለሚፈለፈል?»

ብዙ ሰው ልዩነት ያለው አይመስለውም። ዶሮዋ ትጥላለች፣ ቅርፊቱ ደህና ነው፣ አስኳሉ ቢጫ ነው። ለጥብስ ምን ጎደለው? ለጥብስማ ምንም። ለጫጩት ግን ሌላ ነገር ነው። የላም ጽንስ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከእናቱ ደም ይቀዳል፤ ዛሬ ቢያንሰው ነገ የሚሞላበት ዕድል አለው። የዶሮ ሽል ይህ የለውም። እንቁላሉ አንዴ ከተጣለ በኋላ ከአየር በቀር ወደ ውስጥ የሚገባለት ነገር የለም። የ21 ቀን መንገደኛ ነው፤ ስንቁን እናቱ ቀድማ ካልቋጠረችለት መንገድ ላይ ያልቅበታል። ካልሲየሙን ከቅርፊቱ እያሟሟ ይወስዳል። ዚንኩ፣ ማንጋኒዙ፣ ብረቱ ግን በአብዛኛው አስኳሉ ውስጥ መጠበቅ አለበት።

ቁጥር ለምትወዱ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዶሮ አመጋገብ መመሪያ፣ በቀን 100 ግራም መኖ የምትበላ ዶሮ ለሚበላ እንቁላል በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 35 ሚሊ ግራም ዚንክ ይበቃታል። ለሚፈለፈል ከሆነ 45 ያስፈልጋታል። አዮዲኑ ደግሞ ከ0.035 ወደ 0.1 ሚሊ ግራም ይወጣል፤ ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ያቺው ዶሮ፣ ያው ቆጥ። የተጨመረው ለሷ ሳይሆን ለልጇ ነው።

የጋሼን ጥያቄ ያደነቅሁት ለዚህ ነው። ከሳቸው በፊት ደንበኛ የነበርኩበት ሌላ ቦታ የወላጅ መኖ፣ ማለትም የሚፈለፈል እንቁላል ለሚጥሉ ዶሮዎች የሚሆነውን ጠይቄ፣ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተሸጠልኝ የጣይ መኖ፣ ለሚበላ እንቁላል የሚሆነው ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ምን ይጠቅማል። ዶሮዎቹ ግን መጣላቸውን አላቆሙም። ላባቸው ያምራል። ማንም መጥቶ ቢያያቸው «ጤነኛ ናቸው» ይላል፤ ልክም ነው። ችግሩ የታየው ማሽኑ ውስጥ ነው።

እንቁላሎቹ በመብራት ሲታዩ ሽል አላቸው። ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ መፈልፈያው ቀን ይደርስና ዝም ይላሉ። ያልተሰበሩትን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሥራው ደስ አይልም፣ ሽታውም ይከብዳል፣ ግን ጫጩት የሚፈለፍል ሰው ይህን ካላደረገ በጭፍን ነው የሚሠራው። ውስጥ ያገኘሁት ሊወጣ ምንም ያልቀረው ጫጩት ነው። እግሩ አጭርና ወፍራም። ክንፉም እንደዚያው። ጭንቅላቱ ከልክ በላይ ክብ። ሆዱ የተነፋ። የላይኛው ምንቃር ወደ ታች ቆልመም ብሎ የታችኛውን አልፎታል። ጸጉሩ ሳስቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የነዚህ እግር ግን ለመሄድ የሚበቃ አልነበረም።

ስልኬ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ለጋሼ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አላዩትም።

«ይሄ ማንጋኒዝ ይመስላል» አሉኝ። «መኖሽ ምኑ ይበዛል? በቆሎ?»

በቆሎ ነበር። በቆሎ ደግሞ ማንጋኒዝ በጣም ያንሰዋል። ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ የቆየ ነው። በአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1936 እ.ኤ.አ. የጫጩት እግር ጅማት ከቦታው እየተንሸራተተ የሚያሽመደምደው በሽታ ከማንጋኒዝ ማነስ እንደሚመጣ አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ እናቲቱ ማንጋኒዝ ካነሳት ሽሉ ቅርፊቱ ውስጥ እያለ አጥንቱ አጥሮ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደሚሞት ታወቀ። ምክንያቱም ይገባል። አጥንት ሲጀመር ጠንካራ አይደለም፤ ጆሯችን ላይ ያለው ዓይነት ለስላሳ ነገር ነው። እሱን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ያለ ማንጋኒዝ አይሠሩም። ለስላሳው ካልተሠራ ረጅሙ አጥንት የሚረዝምበት የለውም። ስለዚህ ጫጩቱ ሕይወት አለው፣ ልቡ ይመታል፣ ግን ምንቃሩም እግሩም ቅርፊት ለመስበር አይመችም።

ዚንክ ሲያንስ መልኩ ይለያል። የከፋ ከሆነ እግር ወይም ክንፍ የሌለው፣ አከርካሪው ያልተሟላ፣ ዓይኑ ያነሰ ሽል ይገኛል። አዮዲን ሲያንስ መፈልፈያው ቀን ይዘገያል፤ የአስኳሉ ከረጢት በደንብ ሳይገባ ሆዱ ላይ ይቀራል። እነዚህን እኔ አላየኋቸውም፤ ጋሼ ግን የሞተውን ጫጩት ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ፈልገው አይደለም የሚያዩት። ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን ሲያንስም እግር ያሳጥራል ብለው አስጠንቅቀውኛል። ከዚያ ጥያቄያቸው ቀጠለ። መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ? ማሽኑ ውስጥ ያለውን እንቁላል ታገላብጪዋለሽ? ውሃ ትሞያለሽ? እኛ አካባቢ ጫጩት ሲሞት መጀመሪያ የሚረገመው መብራት ኃይል ነው። ብዙ ጊዜም አያንሰውም። ሰፈራችን ደጋ መሆኑም አለ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ እንቁላሉም ቶሎ ውሃ ያጣል። ይህ ሁሉ ሽል ይገድላል። መብራት መጥፋት ግን ምንቃር አያቆለምምም።

አሁን ወደ ዕቃው። ለወላጅ ዶሮ የሚሸጡት ፕሪሚክስ ከውጭ የሚገባ ነው። ከረጢቱ ላይ እያንዳንዱ ማዕድን በስሙና በመጠኑ ተጽፏል፦ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ ብረት፣ መዳብ፣ አዮዲን፣ ሴሌኒየም። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ገበያው ላይ «ቫይታሚንና ሚኒራል የተሟላ» ብሎ መጠኑን የማይጽፍ ከረጢት ሞልቷል። የተሟላ በማን ሚዛን? ጋሼም «መጠን ያልተጻፈበትን አላስገባም» ይላሉ። ከሱቃቸው ዕቃ ውስጥ ይህን የሚያፈርስ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የገዛሁት በኩንታል መኖ 250 ግራም የሚገባ ዓይነት ነው። 250 ግራም ማለት ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። ይህን አንድ ኩንታል ላይ በትናችሁ በአካፋ ሁለቴ ብታገላብጡት፣ አንዷ ዶሮ የሳምንቷን ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም። ጋሼ አሠራሩን እዚያው ሱቅ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው አሳዩኝ። መጀመሪያ 250 ግራሙ ከአንድ ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር ይታሻል። እሱ ከአሥር ኪሎ ጋር። ከዚያ ነው ከቀረው ጋር የሚደባለቀው። በእጃቸው እያነሱ ቀለሙን ያዩታል፤ አንድ ዓይነት እስኪሆን አይለቁትም። ለዚህ ገንዘብ አልጠየቁኝም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ግን አጉረምርሟል።

ያልጠበቅሁት ምክር የኖራ ድንጋዩ ነው። ቅርፊት እንዲጠነክር ተብሎ ብዙ አርቢ ኖራ ድንጋይ በግምት ያፈሳል። እኔ ተጨማሪ ኩንታል ልገዛ ስል «ለምን ታበዢዋለሽ?» አሉ። ካልሲየም ሲበዛ ማንጋኒዝና ዚንክን ከአንጀት እንዳይገቡ ያግዳል። ፉርሽካና በቆሎ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባለው ነገርም ዚንኩን ይይዘዋል፤ ካልሲየም ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ያው አይደለም። ሊሸጡልኝ የሚችሉትን ኩንታል አልሸጡልኝም። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስንት አለ?

ውጤቱን ለምትጠይቁ፦ መኖው ከተቀየረ በኋላ ወዲያው የተጣለውን እንቁላል ማሽን ውስጥ አላስገባሁም፤ ሸጥኩት። አስኳል ዶሮዋ ውስጥ በፍጥነት የሚያድገው ከመጣሏ በፊት ባሉት አሥር ቀናት ገደማ ነው። ትናንት የበላችው ነገ የሚጣለውን እንቁላል አይሞላውም። ሁለት ሳምንት ግድም ጠብቄ አስገባሁ። እግረ አጭሮቹ ጠፍተዋል ማለት እችላለሁ። በመጨረሻው ቀን የሚሞት አሁንም አለ፤ እሱ ግን መልኩ ደህና ነው፣ የመብራትና የእርጥበት ሂሳብ ነው።

ላም ያላችሁ እስካሁን ትዕግሥታችሁ አልቆ ይሆናል። ለላሞች የገዛሁት የሚላስ የማዕድን ጡብ ነው። ገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ ግርግም አጠገብ ይንጠለጠላል። በዝናብ ቶሎ አይሟሟም፣ ይህን በክረምት አይቼዋለሁ። ላሞቹ ወደውታል። ታናሺቱ ላም ግን ታላቂቱ ካልጠገበች አትጠጋም፤ ስለዚህ ሁለት ቦታ መስቀል ግድ ሆነብኝ።

ጎረቤቶቼ «አሞሌ እያለ ምን አስፈለገ?» ይሉኛል። አሞሌ ጥሩ ነው፣ ግን ጨው ነው። ሶዲየምና ክሎሪን ነው፣ አለቀ። ቦሌ የሚያመጡም አሉ። እሱ አፈር ነውና የተለያየ ማዕድን አለው፤ ምን ያህል እንዳለው ግን እንደተቆፈረበት ቦታ ይለያያል። «ላም የጎደላትን ራሷ ታውቃለች» የሚለው አባባልም የሚሠራው ለጨው ብቻ ነው። ላም ሶዲየም ሲያንሳት ፈልጋ ትልሳለች። መዳብ ሲያንሳት ግን መዳብ አትፈልግም። ጡቡን የምትልሰው ለጨውነቱ ነው፤ መዳቡ፣ አዮዲኑና ሴሌኒየሙ ተደብቀው ይገባሉ። ጡብ የሚባለው ነገር ብልሃቱ ይኸው ነው።

መዳቡ ለምን? የከብቶቻችን መኖ የሱሉልታ ድርቆሽ፣ የጤፍ ገለባ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ፉርሽካ ፎስፈረስ አለው፣ ካልሲየም ግን ያንሰዋል። ድርቆሹ ላይ የሚቀረው የደጋ ቀይ አፈር ደግሞ ብረት ይበዛበታል፤ ብረት ሲበዛ መዳብ እንዳይገባ ያደርጋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ተመራማሪዎች የሀገራችንን ሳርና መኖ ሲመረምሩ ሶዲየምና መዳብ አንሰው የተገኙባቸው ቦታዎች ብዙ ነበሩ። እርጉዝ ላም ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት መዳቧን ወደ ጽንሱ ጉበት ታሸጋግራለች። ጥጃው ከተወለደ በኋላ የሚኖረው በዚያ ነው፤ ወተት መዳብ የለውም ማለት ይቻላል። እናቲቱ ያልሰጠችውን እንገሩ አይተካውም።

የጠፋ ጽንስም አለ። ላሟ ትዳቀላለች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮርማ ትፈልጋለች፣ አዳቃዩ ይሰደባል። ሽል ከሚሞትባቸው ጊዜያት ብዙው እነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ናቸው፤ ምንም ሳይታይ ይጠፋል። ሁሉም የማዕድን ጣጣ ነው አልልም። አዳቃዩንም ከመሳደብ በፊት ግርግሙን ማየት ይሻላል። የእንግዴ ልጅ አልወርድ ሲል ደግሞ ሴሌኒየምና ቫይታሚን ኢ ከሚጠረጠሩት ውስጥ ናቸው።

እዚህ ጋ ነው ቅሬታዬ። የጡቡ ወረቀት ላይ መዳብ፣ ዚንክና አዮዲን በመጠን ተጽፈዋል። ሴሌኒየም ግን «አለው» ብቻ ነው የሚለው። ሴሌኒየም ሲያንስ ጥጃውና ግልገሉ ጡንቻው ነጥቶ ይደክማል፤ ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው። በሚፈለገውና በሚመርዘው መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ «አለው» አይበቃም። ጋሼን ስጠይቃቸው «አስመጪውን ጠይቄ መልስ አልሰጠኝም» አሉ። መልስ እስኪመጣ ጡቡን ከመደርደሪያ ፊት ለፊት ባያስቀምጡት ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ፌስታሉ ነው። አንድ ከረጢት ፕሪሚክስ ለትንሽ አርቢ ይበዛል። ጋሼ በኪሎ ሸንሽነው ይሸጣሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን በጥቁር ፌስታል ቋጥረው፣ የመጠቀሚያ ቀን ሳይጽፉ ነው የሚሰጡት። ማዕድኑ አይበላሽም። አብሮት ያለው ቫይታሚን ግን ከማዕድኖቹ ጋር በቆየ ቁጥር፣ በሙቀትና በእርጥበት ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀን ጽፎ መክተት ምን ያስቸግራል? ይህን ስነግራቸው ሳቁ። እስካሁን አልጻፉም።

ስለ በጎች ስጠይቅ ያደረጉትን ግን መመስከር አለብኝ። ለላም የገዛሁትን ጡብ ለበጎቹም ልሰቅል አስቤ ነበርና ዋጋውን ስደራደር «ለበግማ እንዳታሳይው» ብለው እጃቸውን ከጡቡ ላይ አነሱ። በግ መዳብ ሲበዛባት ጉበቷ ውስጥ እያጠራቀመች ቆይታ በድንገት ትሞታለች። ለላም የሚስማማው መጠን ለሷ ይበዛል። ፍየል ትንሽ ትችላለች።

ማነሱም ግን ቀልድ አይደለም። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ቤኔትስ የሚባል የእንስሳት ሐኪም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኋላ እግራቸውን መቆጣጠር የማይችሉ ግልገሎችን ሲመረምር እናቶቻቸው መዳብ አንሷቸው አገኘ። የነርቩ ሽፋን ገና ማህፀን ውስጥ ሳይሠራ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ግልገል ተወልዶ ሲንገዳገድ መዳብ ብትሰጡት የጎደለው ነርቭ ተመልሶ አይሠራም። መሰጠት የነበረበት ለእናቲቱ፣ በአምስት ወሩ እርግዝና ውስጥ ነው። በእኛም ስምጥ ሸለቆ የፍየል ግልገሎች ላይ ይኸው በሽታ ታይቶ ተጽፏል።

ጋሼ ፋጉሎውን ሲሸጡም ይጠይቃሉ። እርጉዝ በግ ወይም ፍየል ያለው ሰው የጎመን ዘር ፋጉሎ ሊገዛ ከመጣ ኑጉን ያሳዩታል። የጎመን ዘር ፋጉሎ አዮዲን በእንቅርት ዕጢው ላይ እንዳይሠራ የሚያደርግ ነገር አለው። እናቲቱ ምንም ሳትመስል ግልገሉ አንገቱ አብጦ፣ ጸጉሩ ሳስቶ፣ አንዳንዴም ሞቶ ይወለዳል። ለሰው የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ ወጥቶልናል። ከብቶቻችን የሚልሱት አሞሌ ግን ያው አሞሌ ነው።

አንድ ነገር ከንባቤ ልጨምር፣ ምክንያቱም «ዶሮዎቼ ወፍራም ናቸው፣ የተጠራቀመ አላቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሉሲል ኸርሊ የምትባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እርጉዝ አይጦችን ዚንክ ከለከለች። እናቶቹ አጥንታቸውና ጉበታቸው ውስጥ ዚንክ ነበራቸው። ለልጆቻቸው ግን በጊዜው አውጥተው መስጠት አልቻሉም፤ ሽሎቹ አካላቸው ተዛባ። ለዚንክ አምና የተበላ ለዘንድሮ አይሆንም። ማንጋኒዝ የተከለከሉት አይጦች ልጆች ደግሞ ጭንቅላታቸው ዘመም ብሎ፣ ሚዛን ጠፍቶባቸው ተወለዱ፤ የውስጥ ጆሮአቸው ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁት ጥቃቅን ጠጠሮች አልተሠሩም ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። ለካ እሳቸውም ይመዘግባሉ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ከአካባቢው ሱቆች ግን ፕሪሚክሱ በኪሎ ወደድ ይላል። ፉርሽካውና ፋጉሎው እኩል ነው። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ዕቃ ቤት ድረስ አያደርሱም፤ በር ላይ ጋሪ አለ፣ ከጋሪው ልጅ ጋር ራሳችሁ ትስማማላችሁ። ጠዋት በጊዜ ከሄዳችሁ ጋሼ ለማውራት ጊዜ አላቸው። ከሰዓት የወንድማቸው ልጅ ነው የሚሸጠው። እሱ ስልኩ ላይ ነው፤ ምንም አይጠይቃችሁም፤ ያለ ጋሼ ያ ሱቅ ተራ መኖ ቤት ነው።

እንቁላል ለገበያ ብቻ ለምታቀርቡ፣ ከቤታችሁ ራቅ ካለ እዚያ ድረስ መሄዱ አይጠቅማችሁም። ደህና የጣይ መኖ የትም ታገኛላችሁ። የምትፈለፍሉ፣ ወይም እርጉዝ ላምና በግ ያላችሁ ግን የሞተውን ጫጩት ፎቶ፣ የመኖችሁን ዝርዝርና የኖራ ድንጋዩን መጠን ይዛችሁ ሂዱ። ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱን የወሰዱት ፌስታሉና ያ የሴሌኒየም ወረቀት ናቸው። ታላቂቱ ላም ጡቧን ጨርሳለችና ሰሞኑን ተመልሼ እሄዳለሁ፤ አስመጪው መልስ ሰጥቶ ከሆነ እዚሁ ላይ እጨምራለሁ።